ሁለት ዲስክ ያለው ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ሲገባ ጎንደር ውስጥ ዲስክ ይጠባል። የጥምቀት ቪዲዮ አለ፣ የሰርግ አለ፣ የመልስ አለ። ፎቶ ቤቱ ሁለተኛ ዲስክ ይጨምራል፣ ሲሞላበት ሦስተኛ። ተማሪውም አሮጌ ላፕቶፑ እንዲፈጥንለት ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ያስገባና የድሮውን ሀርድ ዲስክ ለፊልምና ለፋይል ያስቀረዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር የሚበላሸው አንድ ጠዋት ማብሪያውን ተጭናችሁ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲወጣ ነው።

ያኔ ሁሉም ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት ቃል «ፎርማት» ነው። ኧረ ቆይ! ሁለት ዲስክ ያለው ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱ ምንም አልሆነም። ማሽኑ ማስነሻ ፋይሉን ሌላኛው ዲስክ ላይ እየፈለገ ነው። ስለዚህ ማንም ምንም ከማጥፋቱ በፊት የቱን ዲስክ እያየ እንደሆነ እንወቅ። ስክሪን ላይ የሚወጡትን መልእክቶች እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

«ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ይለኛል። ሀርድ ዲስኬ ተቃጥሎ ነው?

የግድ አይደለም። መልእክቱ «ካየኋቸው ዲስኮች ላይ የምነሳበት ፋይል አላገኘሁም» ከማለት አያልፍም። «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» እና «ሪቡት ኤንድ ሴሌክት ፕሮፐር ቡት ዲቫይስ» የሚሉትም ያው ናቸው። ኤችፒ ላይ «ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» ብሎ ከሥሩ 3ኤፍ0 የሚል ኮድ ያወጣል። ኮዱ ያስፈራል እንጂ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የተሰካ ነገር ሁሉ ይነቀል። ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ፣ ቻርጅ የሚደረግ ስልክም ጭምር። ፎቶ ቤት ውስጥ የካሜራው ካርድ ማንበቢያው ላይ አድሮ ማሽኑን ሲያስቆም ማየት የተለመደ ነው። ከነቀላችሁ በኋላ አጥፍታችሁ አብሩት። ከተነሳ ጨርሰናል።

ካልተነሳ የቡት ሜኑውን፣ ማለትም ማሽኑ የሚነሳበት ዲስክ የሚመረጥበትን ዝርዝር፣ ክፈቱ። ማብሪያውን እንደተጫናችሁ ዴል ላይ ኤፍ12ን ደጋግማችሁ ንኩ። ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ፣ ከዚያ ኤፍ9። ሌኖቮና ቶሺባ ብዙዎቹ ኤፍ12 ናቸው። አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ፣ የአሱስ ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ኤፍ8። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የሚለውን አብራችሁ መጫን ይኖርባችኋል።

የዲስኮች ዝርዝር ይመጣል። ዋናው መረጃ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አንሱት። ሁለቱም ዲስኮች ካሉ አንዱን ምረጡ፣ ካልተነሳ ሌላውን። አንዱ ላይ ከተነሳ ችግሩ የቅደም ተከተል ብቻ ነው። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ ያንን ዲስክ አንደኛ አድርጉትና ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ሁለቱም እያሉ አንዱም ካልነሳ ደግሞ የማስነሻ ፋይሉ ጉዳይ ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ። ዲስኩ ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዴስክቶፕ ከሆነ ክዳኑን ክፈቱ። ገመዱን ከመብራት ነቅላችሁ፣ የሳታ ኬብሉን (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን የዳታ ገመድ) ከዲስኩም ከማዘርቦርዱም አውጥታችሁ መልሱት። የፓወሩን ኬብልም እንዲሁ። የሳታ ኬብል በትንሽ መነካካት የሚላቀቅ ነገር ነው፣ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ማዞር ብቻ ይበቃዋል።

ቅደም ተከተሉን አስተካክዬ ተነሳ። በማግስቱ ግን ያው ሆነ። ለምን?

ሰዓቱን እዩት። ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ሆኖ ከተገኘ፣ ብሮውዘሩም ድረ ገጽ ስትከፍቱ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ካስቸገረ፣ ጥፋተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ ሳንቲም ታክላለች። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አትጠፋም፣ ፒያሳም አራዳም ጠይቁ።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ጠፍቶም ቢሆን ትንሽ ኃይል ያገኛል፣ የባዮስ ቅንብሩም በዚያ ይቆያል። መብራት ሲሄድ ወይም ማታ ዲቫይደሩን ስታጠፉት ግን ቅንብሩን የምትይዘው ባትሪዋ ብቻ ናት። እሷ ካለቀች ባዮሱ ሲነሳ ፋብሪካ ወዳስቀመጠው ቅንብር ይመለሳል። የፋብሪካው ቅንብር ደግሞ የእናንተን ኤስኤስዲ አያውቀውም። አንደኛ ሳታ ላይ የተሰካውን፣ ማለትም የፊልም ማስቀመጫውን ሀርድ ዲስክ፣ ያስቀድምና «የለም» ይላል። «መብራት በጠፋ ቁጥር ዊንዶውስ ይጠፋብኛል» የሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የዚች ባትሪ ተጠቂ ናቸው። በየጊዜው ፎርማት እያስደረጉ የሚኖሩም አሉ፣ ያሳዝናል።

ከቅደም ተከተሉ የባሰም አለ። ባዮስ ውስጥ ዲስኮቹ የሚነበቡበት ስልት የሚመረጥበት ቦታ አለ፣ ኤኤችሲአይ ወይም ሬድ ይላል። ዊንዶውስ በአንዱ ተጭኖ ሳለ ባትሪው ሲያልቅ ቅንብሩ ወደ ሌላው ከዞረ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» የሚል። ዴል ማሽኖች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት ሬድ ላይ ሆነው ነው። ወደ ነበረበት መልሱት፣ ይነሳል። የቱ ላይ እንደነበር የማታስታውሱ ከሆነ አንዱን ሞክሩ፣ ካልሆነ ሌላውን። በዚህ ፋይል አይጠፋም።

ዛሬ ኮምፒውተራችሁ ደህና ከሆነ አንድ ነገር አድርጉ። ባዮስ ውስጥ ግቡና እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ምንም አትቀይሩ፣ አንስታችሁ ብቻ ውጡ።

ኤስኤስዲ ላይ ዊንዶውስ አስጫንኩ፣ በደንብ ይሠራል። አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ሳወጣው ግን አልነሳም አለ። ዊንዶውሱ እኮ ኤስኤስዲው ላይ ነው!

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ማንም ሲሰማው አያምንም።

ዊንዶውስ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ትልቁ፣ ሲ ላይ የምታዩት ነው። ሌላው ትንሽ ማስነሻ ክፍል ነው፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ገደማ፣ በማይ ኮምፒውተር ውስጥ የማይታይ። የኢኤፍአይ ክፍል ይባላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ይህንን ነው፣ እሱ ነው ወደ ትልቁ የሚመራው። አሁን ዊንዶውስ ሲጫን አሮጌው ሀርድ ዲስክም አብሮ ተሰክቶ ነበር እንበል። ጫኙ ፕሮግራም አሮጌው ላይ የቆየ ማስነሻ ክፍል ያገኛል። አዲስ ከመፍጠር ይልቅ እዚያው ላይ ይጽፋል። ትልቁ ዊንዶውስ አዲሱ ዲስክ ላይ፣ ማስነሻው አሮጌው ላይ። ቤት ቀይሮ ቁልፉን ድሮ አከራይ ጋ እንደመተው ነው። ሁለቱ አብረው እስካሉ ማንም አያውቅም። አሮጌው የወጣ ወይም የሞተ ዕለት በሩ ይዘጋል።

የእናንተ እንዲህ መሆኑን ማረጋገጥ ቀላል ነው። አሮጌውን መልሳችሁ ሰክታችሁ አስነሡት። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ከታች ዲስክ 0፣ ዲስክ 1 ተብለው በረድፍ ይታያሉ። ሲ ያለው ዲስክ 1 ላይ ሆኖ «ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን» የሚለው ዲስክ 0 ላይ ከሆነ፣ በቃ አገኛችሁት። አሮጌ ማሽን ላይ «ሲስተም ሪዘርቭድ» የሚል ስም ሊኖረው ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ፣ ዊንዶውሱ አዲስ ከሆነና ገና ምንም ካልጫናችሁበት፣ አሮጌውን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ነቅሎ እንደገና መጫን ነው። ዊንዶውስ ሲጫን አንድ ዲስክ ብቻ ይሰካ። ይህን እያንዳንዱ ጫኝ ቢያከብረው ይህ ገጽ በግማሽ ያጥር ነበር።

ሁለተኛው ሳያጠፉ ማስተካከል ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍቶ፣ ዲስክፓርት በሚባለው መሣሪያ ከሲ ላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቆርሶ፣ አዲስ የኢኤፍአይ ክፍል ፈጥሮ፣ በፋት32 ፎርማት አድርጎ ፊደል መስጠት። ከዚያ ቢሲዲቡት በሚባለው ትእዛዝ ሲ ላይ ያለውን የዊንዶውስ ፎልደር አሳይቶ ማስነሻ ፋይሎቹን አዲሱ ክፍል ላይ ማስጻፍ። ይህ የሚሠራው ኤስኤስዲው ጂፒቲ በሚባለው አዲሱ የዲስክ አደረጃጀት ከሆነና ኮምፒውተሩ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ ስልት፣ የድሮው ሌጋሲ ይባላል) ከተነሳ ነው። ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ዲስክፓርት ይቅርታ አያውቅም። የዲስኩን ቁጥር ተሳስታችሁ «ክሊን» ካላችሁ የሰርጉ ቪዲዮ ሄደ። ዳታችሁን ሌላ ቦታ ሳትገለብጡ አትንኩት፣ እጃችሁ ካልለመደ ደግሞ ለሚያውቅ ስጡት። ሲያልቅ ቡት ሜኑው ላይ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚል ሁለት ጊዜ ልታዩ ትችላላችሁ። አጠገባቸው የዲስኩ ስም አለ፣ የኤስኤስዲውን ስም የያዘውን አንደኛ አድርጉት። አሮጌውን ነቅላችሁ ሳትሞክሩ ሥራው አለቀ አትበሉ።

ሌጋሲ የሚለውን ወደ ዩኢኤፍአይ ቀየርኩት፣ ከዚያ ወዲህ እምቢ አለ።

መልሱት፣ ይነሳል። ዊንዶውሳችሁ የተጫነው በድሮው መንገድ፣ ኤምቢአር በሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ነው። ዩኢኤፍአይ የሚፈልገው ጂፒቲ ነው። ሰሞኑን ይህ ጥያቄ የበዛው የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 በማብቃቱ ይመስለኛል። ሁሉም ወደ 11 ለመሄድ ሲል ባዮሱን ይነካካል፣ ምክንያቱም 11 ዩኢኤፍአይ ይፈልጋል። ለመቀየር ፎርማት የግድ አይደለም። ከ2017 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ 10 እትሞች ውስጥ ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ ፋይል ሳያጠፋ የሚለውጥ ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ አብሮ አለ። መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ ባዮሱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ለማንኛውም ባክአፕ ይኑራችሁ።

በነገራችን ላይ ከ2 ቴራባይት የሚበልጥ ዲስክ ገዝታችሁ 2 ቴራ ብቻ ካሳያችሁ ነጋዴው አላታለላችሁም። ኤምቢአር ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም። ወደ ጂፒቲ ሲቀየር ሙሉው ይታያል።

ዴስክቶፔ ላይ ኤም.2 ኤስኤስዲ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ቀጭኑን) ስጨምር ሀርድ ዲስኩ ጠፋ።

ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም.2ው ቦታና አንዳንድ የሳታ ወደቦች አንድ መስመር ይጋራሉ። ኤም.2ው ሲገባ እነዚያ ወደቦች ይዘጋሉ። ብዙ ጊዜ 5ኛና 6ኛ ናቸው፣ ግን እንደ ቦርዱ ነው። የሀርድ ዲስኩን ኬብል ነቅላችሁ ሌላ ወደብ ላይ ስኩት። አለቀ።

በአዳፕተር ኤንቪኤምኢ (ከሳታው የሚፈጥን የኤስኤስዲ ዓይነት) አስገባሁ። ዊንዶውስ ተጭኖ አለቀ፣ ሪስታርት ሲያደርግ ግን ዲስኩን አያውቀውም።

ማሽኑ አሮጌ ነው። ከኢንቴል 6ኛ ትውልድ በፊት የነበሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ኤንቪኤምኢን ማየት እንጂ ከሱ መነሳት አይችሉም። ዊንዶውስ ሲነሳ ዲስኩን ያየዋል፣ ባዮሱ ግን አያውቀውም። ለዳታ ተጠቀሙበት፣ ለዊንዶውስ ደግሞ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ ግዙ። ከሀርድ ዲስክ ጋር ሲተያይ ያም ቢሆን በጣም ይፈጥናል።

የላፕቶፔን ሲዲ ማጫወቻ አውጥቼ በካዲ (በሲዲው ቦታ በሚገባ የዲስክ መያዣ) ሁለተኛ ዲስክ ላስገባ ነው። የቱ የት ይግባ?

ኤስኤስዲው ዋናው ቦታ፣ ሀርድ ዲስኩ ካዲው ላይ። አንዳንድ ላፕቶፕ ከሲዲው ቦታ መነሳት አይወድም፣ አንዳንዱም እዚያ ያለው መስመር ዘገምተኛ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሲዲውን ውፍረት ለኩ፣ 9.5 ሚሊሜትርና 12.7 ሚሊሜትር የሆኑ ካዲዎች አሉ። ወፍራሙ ቀጭኑ ላፕቶፕ ውስጥ አይገባም። በሀርድ ዲስክ የተሞላ ካዲ ያለው ላፕቶፕ እየሠራ ባጃጅ ውስጥ ይዛችሁ አትሂዱ። የአዘዞ መንገድ ለሚዞር ዲስክ አይመችም።

ይነሳል፣ ግን የኩባንያው አርማ ላይ ስታክ አድርጎ ብዙ ይቆያል። አንዳንዴ «ስካኒንግ ኤንድ ሪፔሪንግ ድራይቭ ዲ» ይላል።

እዚህ ላይ ጆሮ ይጠቅማል። ኮምፒውተሩን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አብሩና ጆሯችሁን ሳጥኑ አጠገብ አድርጉ። ጤነኛ ሀርድ ዲስክ ወጥ የሆነ እምም የሚል ድምፅ አለው። የታመመው ይነሳል፣ ጠቅ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል፣ ጠቅ ይላል። የንባብ ጭንቅላቱ ቦታውን እየፈለገ ሲያጣው ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ጨዋ ነው፣ ዲስኩ እስኪመልስለት ድረስ ይጠብቃል። ዊንዶውሱ ያለበት ኤስኤስዲ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አጠገቡ ያለው የዳታ ዲስክ ሲታመም አብሮ ይጎተታል። ሰው ግን ጥፋቱን ዊንዶውሱ ላይ ያደርግና ሲን ፎርማት ያስደርጋል። ምንም ለውጥ የለም።

ፈተናው ቀላል ነው። አጥፍታችሁ የዳታውን ዲስክ ነቅላችሁ አብሩ። ቶሎ ከተነሳ ነገሩ ታወቀ። ዲስኩን መልሳችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጤናውን እዩ። ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ከዞረ መግዣ ጊዜው ደርሷል።

ቼክዲስክ (ያ «ስካኒንግ ኤንድ ሪፔሪንግ» የሚለው የዲስክ ምርመራ) የሚጀምረው መብራት ድንገት በጠፋ ማግሥት ከሆነና ድምፁ ጤነኛ ከሆነ ተዉት ይጨርስ። ትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መሐል ላይ አጥፍቶ ማስነሳት ያባብሰዋል። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ግን ቼክዲስክ አይደረግበትም። ሊጀምር ሲል በሰከንዶች ውስጥ ማንኛውንም ቁልፍ ብትጫኑ ያልፈዋል። የሚሞት ዲስክ የቀረችውን ጉልበት ለጥገና ሳይሆን ለመገልበጥ ይጠቀምባት። መጀመሪያ የማይተካውን አውጡ፣ የሙሽሮቹን ጥሬ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የልጅ ፎቶ። ፊልሙ ይቆየው፣ ከጓደኛ ይገኛል። አንዳንዱ ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት ይላል። እርጥበት ይዞ ከመውጣት በቀር ምንም አይጠቅምም።

አሮጌውን ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ክሎን አደረግሁ፣ እንዳለ ገለበጥኩት። አሁን የትኛው ላይ እንደተነሳ አላውቅም።

ክሎን እንዳለቀ፣ ገና ሳታስነሱ፣ አሮጌውን ንቀሉ። የመጀመሪያው መነሳት ከአዲሱ ብቻ ይሁን። ሁለቱ መንትያ ናቸው፣ መለያ ቁጥራቸው ሳይቀር አንድ ሊሆን ይችላል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ግጭት ሲያይ አንዱን ኦፍላይን ያደርገዋል። ብዙ ሰው አዲስ ኤስኤስዲ ገዝቶ «ለውጥ የለውም» የሚለው አሁንም ከአሮጌው እየተነሳ ስለሆነ ነው። አዲሱ ለብቻው ጥቂት ቀን በደንብ ከሠራ በኋላ አሮጌውን መልሱና አጽዱት።

ባዮስ ነካክቼ ስመለስ 48 አኃዝ ቁጥር አስገባ ይለኛል።

ቢትሎከር ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች፣ በተለይ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተባቸው፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ይቆልፉታል። ቡት ቅንብር ሲቀየር ሌባ መጣ ብሎ ቁልፉን ይጠይቃል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ የተቀመጠው የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ነው፣ በስልክ ገብታችሁ ሪከቨሪ ኪ የሚለውን ፈልጉ። አካውንቱን የከፈተላችሁ ላፕቶፑን የሸጠላችሁ ልጅ ከሆነ ቶሎ ደውሉለት። ቁልፉ ከሌለ ፋይሉን የሚያወጣላችሁ ሰው የለም። «እኔ እከፍተዋለሁ» የሚል ካለ ፎርማት ሊያደርገው ነው። ባዮስም ሆነ ዲስክ ከመንካታችሁ በፊት ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ዊንዶውስ ተነሳ፣ ሁለተኛው ዲስክ ግን የለም። ወይም «ፎርማት ካላደረግህ አትጠቀምበትም» ይላል።

«ካንስል» በሉ። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ዲስኩ ካለና ፊደል ብቻ ካጣ፣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፊደል ስጡት፣ ይመጣል። «ኢኒሻላይዝ» የሚል ከጠየቀና ውስጡ ፋይል እንዳለ ካወቃችሁ እሺ አትበሉት። እሱ አዲስና ባዶ ዲስክ ሲሆን ነው የሚደረገው። ኤክስተርናል ከሆነ ደግሞ ኬብል ቀይሩና ዴስክቶፑ ኋላ ያለው ወደብ ላይ ሞክሩ፣ የፊቱ ወደብ ብዙ ጊዜ ኃይሉ ይደክማል።

መብራት እየሄደ እየመጣ ነው። ዲስኮቼን እንዴት ልጠብቅ?

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ ሳጥን) ግዙ። ስታቢላይዘር መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይረዳል፣ ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ደግሞ ፋይል ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት እንድትዘጉ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። ለዚያ ነው እንጂ ኤዲቲንግ ለመቀጠል አይደለም። ሞኒተሩንም እሱ ላይ ስኩት፣ ካለበለዚያ በጨለማ ነው የምትዘጉት። ፕሪንተር ግን አትስኩበት። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉ፣ ሲመጣ ወዲያው አትሩጡ፣ ትንሽ ይርጋ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬት መንቀል ከሁሉም ይሻላል።

የጎንደር ከፍታ ሀርድ ዲስክ ይጎዳል የሚል ሰማሁ። እውነት ነው?

ጎንደር ላይ አይጎዳም። ነገሩ ግን ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። የሀርድ ዲስክ የንባብ ጭንቅላት ከሚዞረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው፣ ከፍታው ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ። አየር ሲሳሳ ይወርዳል። ስለዚህ አምራቾች ብዙውን ዲስክ በሥራ ላይ እስከ 3048 ሜትር ይሉታል። ጎንደር 2100 ሜትር ገደማ ናት፣ ሰላም ናት። ደባርቅም ከዚያ በታች ናት። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያሉት ሳንቃበርና ጨነቅ ግን ያልፋሉ። ቱሪስት ይዛችሁ ወይ ለቀረጻ ወደዚያ የምትወጡ ከሆነ ኤስኤስዲ ያዙ፣ እሱ አየር አያስፈልገውም።

ሁሉንም ሞከርኩ፣ ባለሙያ ጋ ልወስደው ነው። ፎርማት ካለኝስ?

መጀመሪያ የዳታውን ዲስክ ቤት አስቀርታችሁ ሂዱ። ነቅሎ ማውጣት የማትችሉ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ዓይናችሁ እያየ እንዲነቀል ጠይቁ። ምክንያቱ ጥርጣሬ አይደለም። ዊንዶውስ ሲጫን ዲስኮቹን ሲ፣ ዲ ብሎ አያሳይም። ድራይቭ 0፣ ድራይቭ 1 ይልና መጠናቸውን ያስቀምጣል። ሁለቱም 500 ጊጋ ከሆኑ ጎበዝ ባለሙያም ይሳሳታል፣ በተለይ አሥር ላፕቶፕ ሲጠብቀው።

ቀጥሎ «ዲ ስላለኝ ሲ ቢጠፋ ግድ የለም» አትበሉ። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ሲ ላይ ነው። ዶክመንትስም፣ ዳውንሎድስም፣ ከቴሌግራም ያወረዳችሁትም። ሱቅ ወይም ድርጅት ያላችሁ ፒችትሪያችሁ (የሂሳብ መያዣ ፕሮግራሙ) የሚሠራበት ዳታ ቦታው ካልተቀየረ ሲ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያው) ከነበራችሁ እንደገና መጫን ይኖርበታል። ዊንዶውስ ባይነሳም ሲ ላይ ያለው ፋይል ይወጣል፣ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት ወይም ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ በመነሳት። ይህ ሳይደረግ ፎርማት አይጀመር።

ለባለሙያው «ኮምፒውተሬ ተበላሸ» ብቻ አትበሉት። ያነሳችሁትን የቡት ሜኑ ፎቶ አሳዩት፣ ስንት ዲስክ እንዳለውና ዊንዶውስ የቱ ላይ እንደሆነ ንገሩት፣ ከመበላሸቱ በፊት መብራት ጠፍቶ እንደነበርም ጨምሩ። ሥራው ሲያልቅ እዚያው ቆማችሁ የዳታ ዲስኩ ሳይሰካ አንዴ፣ ተሰክቶ አንዴ አስነሡት። ሁለቱንም ጊዜ ከተነሳ ከፍላችሁ ውጡ።